ከቧንቧው ሥር ያለች ጣሳ

ቅዳሜ ጧት ነበር። ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
የቤተ ሙከራው ቆርቆሮ በካፊያ ርሶ፣
ሃያ አራት ተማሪ፣ ስድስት ጠረጴዛ፣
በየመሃሉ ሽቦ፣ አምፖል፣ ሴንሰር፣ በመዋጮ የተገዛ።

«ዕቃ ከዕቃ ጋራ እንዲነጋገር አርጉ፤
ግን ከሁሉ በፊት ችግሩን ፈልጉ።
ዛሬ ሞኝ ሐሳብ የለም፤ መሳቅ ክልክል ነው፤
የመጣውን ጻፉ፣ በኋላ እናየዋለን ያለው የሌለውን።»
ከሥልጠና ወረቀት የቀዳሁት ቃል፤
ጮክ ብዬ ስናገር የራሴ ይመስላል።

ይመር አሊ ከፊት ወንበር ተነሣ፦
«ድሮን እናበራለን ከፒያሳ እስከ ጦሳ!»
«ለምን?» አልኩት።
ዝም አለ። «ለ… ለማየት ነዋ።»

ሦስተኛው ቡድን ጋ ጫማ ነው የሚሠራ፣
እርምጃ የሚቆጥር፣ ሲመሽ የሚያበራ።
መስኮቱ ጥግ ደግሞ ፍሪጅ ተስሏል፣
እንቁላል ሲያልቅበት ለሱቅ የሚደውል።
«ፍሪጅ ያለው ማነው?» ስል አንድ እጅ አልወጣም፤
ሳቅ የከለከልኩት እኔው ሳቄን አልቻልኩም።

ሰሌዳው ሞላልኝ፤ ልቤ ግን ጎደለ፤
ሁሉም መልስ ይዟል፣ ጥያቄ ግን የለ።

«ውጡ» አልኳቸው ኋላ፣ «ጠረጴዛውን ተዉት፤
ሰፈር ለሰፈር ዙሩ፣ የሰው ጣጣ ስሙት።
‹ምን ልሥራልህ?› አትበሉ፤ ይሉኝታ ይይዘዋል፤
‹ትናንት ምን አናደደህ?› በሉት፤ ያኔ ይነግራችኋል።»

ሰኞ ተመለሱ፤ ጫማቸው ጭቃ፣ ደብተራቸው ሙሉ፤
«ሽንኩርቴ በሰበሰ» ያሉ፣ «ሚዛን ሰረቀኝ» ያሉ፣
የሆጤዋ ዳቦ ጋጋሪ፣ መብራት ሲሄድ ሊጥ የሚበላሽባት፣
ከገደሉ ሥር የሚኖር፣ ክረምት ሲገባ እንቅልፍ የሚያጣ አባት።

አንዷ ግን ዝም ብላ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣
ጦይባ ሁሴን፣ ዐይኗ በእንቅልፍ ቀልቶ ሳይ፣
«አንቺስ?» አልኩ። «ምንም አላመጣሁ» አለች አፍራ፤
«የኛ ቤት ጣጣ ምን አለው ከሴንሰር ጋራ?
ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ይባላል፤ ስሙ ነው የቀረው፤
ውሃው በአሥራ አምስት ቀን፣ እሱም ሌሊት ነው የሚመጣው።
ቀን የለው፣ ሰዓት የለው። እማ ግን ቧንቧውን ከፍታ፣
ከሥሩ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ደፍታ
ትተኛለች። ያቺ የመጀመሪያዋ ጠብታ
ጣሳው ጀርባ ላይ ቋ! ስትል፣ እማ ብድግ ትላለች፤
የእትዬ አረቡን ግድግዳ በጡጫ ትደልቃለች።
እሷ የመሪጌታን፣ መሪጌታ የነሰይድን፤
ድም፣ ድም፣ ድም እያለ ዜናው ይወርዳል ቁልቁለቱን።
ትናንት ሌሊት መጣ፤ ጀሪካን ስሞላ አነጋሁ፤
ይቅርታ ቲቸር፣ ለዚህ ነው ማንንም ያልጠየቅሁ።»

ክፍሉ ጸጥ። እኔም በልቤ፦ ጣሳዋ ሴንሰር ናት፤
ግድግዳው ኔትወርክ ነው፤ መሐንዲሷ እናት።

ይመር ቀደመኝ። ሄዶ ድሮኑን ከሰሌዳው ገፈፈ፤
«ጡጫው የማይደርሰው ቤት የትኛው ነው?» ብሎ በቦታው ጻፈ።
ሁለት ቀን የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው መጣ በእግሩ።
ጦይባ አሰበች። «አያ ሙሄ… ለብቻ ነው አጥሩ፤
ጆሯቸው አይሰማ፣ ስልክም የለ በእጃቸው፤
ሁሌ ሲነጋ ነው፣ ደረቅ ቧንቧ የሚጠብቃቸው።»

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሁለት ሴንሰር አቃጠልን፤
አንድ ሌሊት ካፊያ ነክቶት ሰፈሩን በውሸት ቀሰቀስን፤
የወረደብንን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።
በመጨረሻ ሠራ፦ ጠብታ ሲነካው ለአርባ ስልክ መልእክት ይልካል፣
ከአያ ሙሄ አልጋ ራስጌ ቢጫ አምፖል ይበራል።

የጦይባ እናት አዩት፣ አገላብጠው አዩት፤
«ሸጋ ነው» አሉ፤ «ጣሳዬን ግን እንዳታነሡት።
ባትሪ ያልቃል ልጄ፤ ጣሳ ምኑ ያልቃል?»
ይህንንም ጻፍነው፤ ሰሌዳው ጥግ እስካሁን ይነበባል።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣
ስልኬ ከትራሴ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማ።
አንድ ቃል፦ «ውሃ»።
የእኔ ሰፈር ተራ አልነበረም፤ ቢሆንም ተነሣሁ፤
መጋረጃ ገልጬ ማዶ ማዶ አየሁ።
ጉሙ ሁሉን ውጦታል፤ ጦሳም የለ፣ ሰፈርም የለ፤
የአያ ሙሄ መስኮት ብቻ፣ ቢጫ፣ ቦግ እልም እያለ።
ከዚያ ወዲያ ደግሞ፣ ሰማሁ ይሁን መሰለኝ፣ እንጃ፣
ድም፣
ድም፣ ድም።